የመድፉ ባለቤት ማነው? አርሰናልና የስታዲየም በሩ ነጋዴ

የአርሰናልን ስካርፍ አንገታችሁ ላይ የምትጠመጥሙት ለምንድነው? «ደጋፊ ስለሆንኩ ነዋ!» እንደምትሉ ጥርጥር የለውም። ይህቺ ቀላል የምትመስል መልስ ግን የለንደንና የሉክሰምበርግ ዳኞችን ከሁለት ዓመት በላይ አከራክራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማቲው ሪድ እ.ኤ.አ ከ1970 ጀምሮ በሃይበሪ ስታዲየም አካባቢ ስካርፍና ሌሎች የደጋፊ ዕቃዎችን ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ ነው። ክለቡ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1989 «አርሰናል» እና «አርሰናል ገነርስ» የሚሉትን ስሞች፣ ዓርማውንና መድፉን በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ እነዚህን ምልክቶች ልብስ ላይ አድርጎ ለመሸጥ የክለቡ ፈቃድ ግድ ሆነ ማለት ነው። ሪድ ግን በሥራው ቀጠለ።

ሰውየው እንዲሁ ዝም ብሎ አልሸጠም። አብዛኛው ዕቃው የክለቡ ኦፊሴላዊ ምርት እንዳልሆነ የሚናገር ትልቅ ማስታወቂያ ሰቅሎ ነበር። «ማንን አታለልኩ?» ቢል አይፈረድበትም።

መድፈኞቹ ከሰሱት። የመጀመሪያው አጋማሽ በሪድ የበላይነት ተጠናቀቀ። ክለቡ «ደንበኞቻችንን ያሳስታል» ቢልም ተታልሎ የገዛ ሰው መኖሩን ማስረዳት ስላልቻለ ያ ክስ ውድቅ ሆነ። የንግድ ምልክቱን ጉዳይ በተመለከተ ደግሞ ዳኛ ላዲ፣ ደጋፊው ዓርማውን የሚያየው የፍቅርና የታማኝነት መግለጫ አድርጎ ነው የሚል ሃሳብ ነበራቸው። ሕጉ ግን የአውሮፓ ሕግ በመሆኑ ጥያቄውን ሉክሰምበርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ላኩት።

ውጤቱ የተገለበጠው እዚያ ነው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ ኅዳር 12 ቀን 2002 የደጋፊው ፍቅር ነጋዴውን ነፃ አያወጣውም አለ። ምክንያቱን ልብ በሉ! ስካርፉ ከተሸጠ በኋላ ማስታወቂያው አብሮት አይሄድም። መንገድ ላይ ያየው ሰው ዕቃው ከአርሰናል የወጣ ሊመስለው ይችላል። የንግድ ምልክት ሥራው ደግሞ ዕቃው ከማን እንደመጣና ለጥራቱ ኃላፊው ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ነው።

አለቀ ስትሉ ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ገባ። ዳኛ ላዲ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር «የአውሮፓው ፍርድ ቤት ከሥልጣኑ አልፎ ፍሬ ነገር ውስጥ ገብቷል» በማለት እንደገና ለሪድ ፈረዱለት። አርሰናል ይግባኝ ጠየቀ። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ ግንቦት 21 ቀን 2003 የላዲን ውሳኔ ሽሮ ድሉን ለክለቡ ሰጠ።

በመሃል አርሰናል ሌላ የቤት ሥራም ነበረበት። ከ1949 ጀምሮ የተጠቀመበት አሮጌው ዓርማ በየጊዜው ከተለያየ ቦታ የተሰባሰበ በመሆኑ የቅጂ መብቱን ማስጠበቅ አስቸገረ። ስለዚህ እ.ኤ.አ በ2002 ወደ ግራ ያነጣጥር የነበረው መድፍ ወደ ቀኝ ዞሮ በአዲስ ዓርማ ብቅ አለ። ብዙ ደጋፊ አጉረመረመ፤ ክለቡ ግን በሕግ ሊጠብቀው የሚችለውን መረጠ።

የእኛስ ክለቦች? በኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ስታዲየም በር ላይ ስካርፍ ይዞ የሚሮጠው ልጅ እንጀራው ነው፤ ለክለቡም ድምቀት ነው። ለሁለቱም የሚበጀው ክለቡ ዓርማውን በጊዜ አስመዝግቦ ለልጁ ፈቃድ መስጠቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ቆይቶ ከመካሰስ ገና ከጅምሩ መስማማት ይሻላል።

ደጋፊው ዓርማውን ልቡ ላይ ሊያትመው ይችላል፤ ለዚያ ፈቃድ የሚጠይቀው የለም። ስካርፍ ላይ አትሞ ለመሸጥ ግን ባለቤቱን ማስፈቀድ የግድ ነው።