የክሪስታል «ቆሻሻ» ምልክት ያጎላል ወይ?

ለመመረቂያ ጥናቴ ከቀሐ ወንዝ ዳር ያመጣሁትን ቀይ ሸክላ አፈር ውጭ አገር ያለ አንድ ላቦራቶሪ በጠጣር ኤን.ኤም.አር. እንዲያይልኝ በሰው ልኬ ነበር። የመጣልኝ መልስ አጭር ነው፤ ብረት ስለበዛበት የሚነበብ ነገር የለውም። ከዚያ ወዲያ ብረትን እንደ ጠላት ነበር የማየው። በኋላ ግን ሳነብ፣ ሰዎች ሆን ብለው ማንጋኒዝና ብረት ክሪስታል ውስጥ እየጨመሩ ምልክቱን እንደሚያጎሉት አገኘሁ። ነገሩ ስለገረመኝ ለዲፓርትመንታችን ልጆች ላካፍል ብዬ ይህችን ጻፍኩ።

እንግዲህ መጀመሪያ ችግሩን እንይ። ኤን.ኤም.አር. የሚያነበው ማግኔት ውስጥ ከመስኩ ጋር በቆሙና በተቃራኒው በቆሙ ኒውክለሶች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ልዩነቱ ደግሞ ኢምንት ነው። በ9.4 ቴስላ ማግኔት፣ በክፍል ሙቀት፣ ከ1 ሚሊዮን ፕሮቶኖች ብልጫው 32 ያህል ብቻ ነው። የቀሩት እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ስለዚህ ልኬቱን ደጋግሞ መደመር የግድ ነው። ምልክቱ 10 እጥፍ ቢጎላ ግን የሚፈጀው ጊዜ ወደ መቶኛ ይወርዳል። ማሽን በሰዓት ለሚከራይ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ያለው የብረት ወይም የማንጋኒዝ አዮን ፓራማግኔቲክ ይባላል። የኤሌክትሮን ማግኔትነት ከፕሮቶን 658 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። አጠገቡ ያለውን ኒውክለስ ይበጠብጠዋል፤ ምልክቱ ይሰፋል፣ ይሳሳል፣ ከዚያም ጨርሶ ይጠፋል። የኔን አፈር የገጠመው ይኸው ነው።

ዳሩ ግን ያው ጉልበት በሌላ በኩል ይጠቅማል። ኤሌክትሮኖች ከኒውክለሶች ይልቅ በጣም የተሰለፉ ስለሆኑ፣ በተገቢው ማይክሮዌቭ ሲመቱ ሰልፋቸውን ለኒውክለሶች ያካፍላሉ። ዘዴው ዳይናሚክ ኒውክሌር ፖላራይዜሽን ይባላል። ሐሳቡን ኦቨርሃውዘር እ.ኤ.አ. በ1953 አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ካርቨርና ስሊክተር በሊቲየም ብረት ላይ አሳዩት። ከዚያ ጄፍሪስና ተባባሪዎቹ በላንታነም ማግኒዚየም ናይትሬት ክሪስታል ውስጥ ጥቂት ኒዮዲሚየም ከተው፣ በ1960ዎቹ እጅግ በቀዘቀዘ ሁኔታ የፕሮቶኖቹን ፖላራይዜሽን ከ70 በመቶ በላይ አደረሱት። ለቅንጣት ፊዚክስ ሙከራ ዒላማ ሆኖ ሲያገለግል የቆየው ይኸው ክሪስታል ነው። (እኛ ጋ ላንታነም የሚባለው ስም ራሱ የፔሪዮዲክ ቴብል ታችኛ ረድፍ ላይ ተረስቶ ይቀራል።)

ዛሬ የተለመደው መንገድ ናሙናውን ኦርጋኒክ ራዲካል ባለበት ፈሳሽ ማርጠብ ነው። ችግሩ ራዲካሉ ውጭ ይቀራል፤ ጉልበቱ የሚገባው ከገጹ ነው። አዮኑን ግን ክሪስታሉ ሲሠራ አብሮ ካስገቡት ውስጥ ድረስ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኮርዚሊየስ፣ ግሪፊንና ባልደረቦቻቸው የኮባልት ውሁድ ክሪስታል ውስጥ ጥቂት ክሮሚየም ከተው የፕሮቶንን፣ የካርቦንንና የራሱን የኮባልትን ምልክት አጎሉ። በ2019 ደግሞ በዋይዝማን ኢንስቲትዩት የሌስክስ ቡድን በማንጋኒዝ አማካይነት በባትሪ ማቴሪያል ውስጥ የተፈጥሮ ኦክሲጅን-17ን አነበበ። ይህ አይሶቶፕ ከ10,000 ኦክሲጅን 4 ያህሉ ብቻ ነው!

እዚህ ላይ ነው ልብ ማለት የሚያስፈልገው። ማንጋኒዝ 2+ የተመረጠው አምስቱ ዲ ኤሌክትሮኖቹ ግማሽ ቤት ሞልተው ስለሚቀመጡና ቶሎ ስለማይረበሹ ነው። ብረት 3+ም እኮ አምስት ነው ያለው! ስለዚህ ጥፋቱ የብረቱ ሳይሆን የአቀማመጡና የመጠኑ ነው። ለዶፒንግ የሚጨመረው ከመቶ አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ አዮኑም ቻርጁና መጠኑ ከሚተካው ጋር መቀራረብ አለበት። የኛ ቀይ አፈር ውስጥ ግን ብረቱ በአብዛኛው በሄማታይትና በጎታይት መልክ ተከማችቷል። ተጠጋግተው የተቀመጡ ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ስለሚረባበሹ ለኒውክለሱ የሚሰጡት ነገር አይኖራቸውም።

መሣሪያው ከባድ ነው። ለ9.4 ቴስላ 263 ጊጋኸርዝ ማይክሮዌቭ የሚያመነጭ ጋይሮትሮንና ናሙናውን ወደ 100 ኬልቪን የሚያወርድ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ክሪስታሉን መሥራት ግን ሚዛን፣ ሙቀጫና ምድጃ ላለው ሰው የሚቻል ነው። ሐሳቡን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሸብ ውሃ ውስጥ አሟሙቶ ትንሽ ክሮም አለም ይጨምርበትና ቀስ ብሎ እንዲረጋ ይተወው፤ ክሮሚየሙ የአሉሚኒየሙን ቦታ ይዞ ሐምራዊ ክሪስታል ይወጣል። ሲያሟሙ ከ60 ዲግሪ አታሳልፉት፣ አረንጓዴ ይሆንና አልረጋም ይላል።

አፈሬን ደግሞ ሰሞኑን በሲትሬትና በሶዲየም ዳይታዮናይት እያጠብኩት ነው። ይህ ልቅ የሆነውን የብረት ኦክሳይድ አውጥቶ በማዕድኑ መዋቅር ውስጥ በአሉሚኒየም ቦታ የገባውን ይተዋል። ቀዩ ቀለም ለቆ ወደ ግራጫ እየሄደ ነው። የቀረው ብረት ምን ያህል ተራርቆ እንደተቀመጠ የሚያሳየኝ ኢ.ፒ.አር. ነው፤ እስከዚያው ናሙናውን በብልቃጥ ዘግቼ አስቀምጬዋለሁ።