የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በኢትዮጵያ

የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በኢትዮጵያ የሚሰጥ የሁለተኛ ዲግሪ የጤና ሥልጠና ነው። ሥልጠናው ስፔሻሊስት ሐኪም በማይገኝባቸው ወረዳዎች ሕይወት አድን ቀዶ ሕክምናና የወሊድ ሕክምና መስጠት የሚችሉ ባለሙያዎችን ያፈራል። ሠልጣኞቹ በአብዛኛው የሥራ ልምድ ያላቸው ጤና መኮንኖች ሲሆኑ ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። መርሐ ግብሩ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አነሳሽነት በ2002 ዓ.ም. (2009/10 እ.ኤ.አ.) ተጀመረ። መቀሌ፣ ሐዋሳና ጅማን ጨምሮ የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ሰጥተውታል። ተመራቂዎቹ በሆስፒታሎች ውስጥ «ሰርጂካል ኦፊሰር» ወይም በምሕጻረ ቃል «አይ.ኢ.ኤስ.ኦ.» እየተባሉ ይጠራሉ።

ያስፈለገበት ምክንያት

አንዳንድ ሕመሞች ቀጠሮ አይጠብቁም። ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ ካልቆመ እናትየውን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሊገድል ይችላል። ምጥ ሲጠና ልጁ በዳሌ አጥንት መሃል ተቀርቅሮ ከቀረ ማኅፀን ሊቀደድ ይችላል። እናትየው ብትተርፍም እንኳ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ተፈጥሮ ሽንቷን መቆጣጠር ሊያቅታት ይችላል፤ ይህ ሕመም ፌስቱላ ይባላል። ከማኅፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ሲፈነዳ ደም ወደ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል። የተጠማዘዘ አንጀት ደግሞ ደም ስለማያገኝ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም።

ችግሩ ርቀት ነው። ለምሳሌ ቶንጎ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በአገሪቱ ምዕራባዊ ጠረፍ ላይ ሲሆን በደቡብና በምሥራቅ ከኦሮሚያ ክልል ጋር ይዋሰናል። ከዚህ አካባቢ ከፍ ያለ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው በባምባሲ በኩል ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ወደ አሶሳ ይሄዳል። የክልሉ ሌላው ነባር ሆስፒታል በፓዌ ይገኛል፤ ነገር ግን ፓዌ ከዓባይ ወንዝ ማዶ በመተከል ዞን ስለሆነ ለቶንጎ ሰው ቅርብ አይደለም። ከአሶሳ አቅም በላይ የሆነ ሕመምተኛ ደግሞ ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። በክረምት ጭቃ፣ በአምቡላንስ እጥረት ወይም በጸጥታ ችግር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። በጥር 2014 ዓ.ም. በቶንጎ የስደተኞች መጠለያ አቅራቢያ ውጊያ ተነሥቶ ስደተኞቹ ወደ ሌላ ቦታ ሸሽተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪሙ ማድረስ አይቻልም። ስለዚህ ሐኪሙን ወይም ተተኪውን አስቀድሞ ወደ ሕመምተኛው ማቅረብ ያስፈልጋል።

በዓለም አቀፍ ደረጃም መለኪያው ይኸው ነው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመ ኮሚሽን በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ 5 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅማቸው የሚፈቅደውን ቀዶ ሕክምና በወቅቱ እንደማያገኙ ገልጿል። በየአገሩ ቢያንስ 80 ከመቶ የሚሆነው ሕዝብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ሕክምናዎች የሚሰጡበት ሆስፒታል እንዲደርስም ግብ አስቀምጧል። እነዚህም በቀዶ ሕክምና ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ ማከምና ቆዳ ሰንጥቆ የወጣ የአጥንት ስብራትን ማከም ናቸው። ሦስቱን መሥራት የሚችል ሆስፒታል ሌሎች ብዙ ቀዶ ሕክምናዎችንም መሥራት እንደሚችል ይታሰባል።

በኢትዮጵያ ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገር አቀፍ ደረጃ በቀዶ ሕክምና የተደረገ ወሊድ ከ100 ውስጥ 2 ያህል ብቻ ነበር። በአዲስ አበባ ግን ከ20 በላይ ነበር። በዚያው ጥናት የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 412 ሆኖ ተገምቷል።

ሥልጠናው

ትምህርቱ በዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችና ከእነርሱ ጋር በተያያዙ ሌሎች ሆስፒታሎች ይሰጣል። ሠልጣኙ በስፔሻሊስቶች ሥር ሆኖ በመጀመሪያ ይመለከታል፣ ቀጥሎ ይረዳል፣ በመጨረሻም ራሱ ይሠራል። ቀዶ ሕክምናና የማኅፀን ሕክምና በአንድ ላይ ስለሚሰጡ ሥልጠናው «የተቀናጀ» ተባለ።

ተመራቂው ከሚሠራቸው ሕክምናዎች መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

• በቀዶ ሕክምና ማዋለድ
• የተቀደደ ማኅፀን መስፋት ወይም ማውጣት
• ከማኅፀን ውጭ የሆነ እርግዝናን ማከም
• ትርፍ አንጀት ማውጣት
• የታሰረ ቡአና የተዘጋ አንጀት ማከም
• በደረት ውስጥ የተጠራቀመ ደም ወይም አየር በቱቦ ማውጣት
• ክፍት ስብራትን አጥቦ ማሰር

የካንሰር፣ የልብና የአብዛኛው ጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ግን የስፔሻሊስት ሥራ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛውን አረጋግቶ መቼ መላክ እንዳለበት ማወቅ የሥልጠናው ዋና ክፍል ነው።

ዋነኛ የሥራ ቦታቸው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። በአገሪቱ የጤና አደረጃጀት ይህ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ከእርሱ በላይ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛሉ።

ቀዶ ሕክምና የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። የሰመመን ባለሙያ፣ የኦፕሬሽን ክፍል ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋሉ። ደም፣ ኦክስጅን፣ መብራት፣ ንጹሕ ውኃና ዕቃ መቀቀያ መሣሪያም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ባለሙያው እያለ ሕመምተኛው ወደ ሌላ ሆስፒታል ይላካል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ሐሳቡ በኢትዮጵያ አልተጀመረም። ሞዛምቢክ ከነጻነት በኋላ አብዛኞቹን ሐኪሞቿን ስላጣች በ1984 እ.ኤ.አ. መካከለኛ ባለሙያዎችን ለቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ጀመረች። ማላዊና ታንዛኒያም ተመሳሳይ ባለሙያዎች አሏቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሞዛምቢክ የተደረጉ ከ2,000 በላይ የቀዶ ሕክምና ወሊዶችን አወዳድሮ፣ በእነዚህ ባለሙያዎችና በማኅፀን ስፔሻሊስቶች ውጤት መካከል ትልቅ ልዩነት አላገኘም። ሌላ ጥናት ደግሞ ከተመደቡ ከሰባት ዓመት በኋላ ከባለሙያዎቹ አብዛኞቹ በገጠር ሆስፒታሎቻቸው እንደቆዩ፣ አብረዋቸው ከተመደቡት ሐኪሞች ግን አንድም እንዳልቀረ አሳይቷል።

ደኅንነትና ምርምር

ቀዶ ሕክምና ማስፋፋት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ጥራቱም መጠበቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. 19 ነጥቦች ያሉት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ አወጣ። የሕክምና ቡድኑ ከሰመመን በፊት፣ ከመቅደዱ በፊትና ሕመምተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ቆም ብሎ ጥያቄዎቹን ጮክ ብሎ ያነባል። ትክክለኛው ሕመምተኛ ነው? ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ተሰጥቷል? ዕቃዎቹ ተቆጥረው ሞሉ? በስምንት አገሮች ሆስፒታሎች በተደረገ ሙከራ መጠይቁን በመጠቀም የሞት መጠን ከ1.5 ከመቶ ወደ 0.8 ከመቶ ወርዷል።

በኢትዮጵያ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. ደኅንነቱ በተጠበቀ ቀዶ ሕክምና ሕይወት ለማዳን አገር አቀፍ ዕቅድ አወጣ። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ከኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጋር የሠራው የቁስል መመረዝን የመከላከል ፕሮግራም ደግሞ በአምስት ሆስፒታሎች የተሞከረ ሲሆን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰተውን መመረዝ በሲሶ ያህል ቀንሷል። ፕሮግራሙ ያተኮረው በእጅ መታጠብ፣ በዕቃ አፈላል፣ በመድኃኒት መስጫ ሰዓትና በፋሻ ቆጠራ ላይ ነበር። እነዚህ ውድ መሣሪያ የማይጠይቁ ስለሆኑ በአነስተኛ ሆስፒታልም ሊሠሩ ይችላሉ።

ገደቦችና ክርክሮች

በመርሐ ግብሩ ላይ የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ስፔሻሊስት በሌለበት ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ስሕተቱን ማን ያርምለታል የሚል ነው። ሁለተኛው የእድገት ጉዳይ ነው፤ ባለሙያው ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ ወዴት እንደሚያድግ ግልጽ ካልሆነ በሩቅ ወረዳ መቆየቱ ያጠራጥራል። ሦስተኛው፣ የስፔሻሊስት ቁጥር ሲጨምር የሥራ ድርሻቸው ምን ይሆናል የሚለው ነው። የላንሴት ኮሚሽን ለ100,000 ሕዝብ ቢያንስ 20 የቀዶ ሕክምና፣ የማኅፀንና የሰመመን ስፔሻሊስቶች እንዲኖሩ ይመክራል። ኢትዮጵያ ከዚህ ቁጥር በጣም ርቃ ትገኛለች፤ ያሉትም በብዛት በትላልቅ ከተሞች ይሠራሉ። ልዩነቱ እስኪጠብ ድረስ እንደ ቶንጎ ባሉ አካባቢዎች ምጥ የጠናባት እናት የመትረፍ ዕድሏ በአብዛኛው የሚወሰነው በአቅራቢያዋ ባለው ሆስፒታል የሠለጠነ እጅ በመገኘቱ ነው።