የ3 ሚሊዮን ዶላር አሮጌ ወረቀት

እ.ኤ.አ. በ1999 ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ድርጅት አንድ የአሮጌ ወረቀት እሽግ በ12,650 ዶላር ሸጠ። ያው ወረቀት በ2016 እንደገና ለጨረታ ሲቀርብ 3.26 ሚሊዮን ዶላር አወጣ! አገር ቤት አሮጌ ደብተር በየሱቁ ለበርበሬና ለስኳር መጠቅለያ ሲቀደድ እያየ ላደገ ሰው ነገሩ ግር ማሰኘቱ አይቀርም።

ወረቀቱ በ1857 የኒው ዮርክና የአካባቢዋ የቤዝቦል ክለቦች ተሰብስበው የጨዋታውን ሕግ ሲደነግጉ በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ነው። ስብሰባውን የመራው ዳንኤል አዳምስ የተባለ ሐኪም ነበር። አንድ ቡድን ዘጠኝ ሰው፣ ጨዋታው ዘጠኝ ዙር፣ ከአንዱ ቤዝ እስከ ቀጣዩ 90 ጫማ የሚለው ልክ የተቆረጠው ያን ጊዜ ነው። ዛሬ በየምግብ ቤቱ ቴሌቪዥን የሚታየው ጨዋታ ከዚህ ልክ አልወጣም።

ይሁንና ምስጋናው የሄደው ለሌላ ሰው ነው። ኩፐርስታውን በሚገኘው የቤዝቦል የክብር አዳራሽ፣ እነዚህን ሦስት ነገሮች የወሰነ ተብሎ በነሐስ ሰሌዳ የተጻፈለት አሌክሳንደር ካርትራይት ነው። አዳምስ በ2015 ለዚያ ክብር ታጭቶ ሁለት ድምፅ ጎደለው። እንግዲህ ሰብሳቢዎች ለወረቀት ይህን ያህል የሚከፍሉት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የማን ሥራ የማን እንደነበረ የሚመሰክረው እሱ ስለሆነ ነው።

ጨዋታው እንጀራ የሆነበት ዘመን ደግሞ የራሱ ሰነዶች አሉት። በ1869 የሲንሲናቲ ቡድን ተጫዋቾቹን ሁሉ በግልጽ በደመወዝ ቀጠረ። አሠልጣኙ ሃሪ ራይት ነበር። የእሱ ታናሽ ወንድም ጆርጅ ለአንድ የጨዋታ ወቅት 1,400 ዶላር ይከፈለው ነበር፤ ከአሠልጣኝ ወንድሙ ይበልጣል። ሃሪ ደብዳቤ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። የቅጥር ጥያቄው፣ የገንዘብ ክርክሩ፣ የጉዞው ዝግጅት ሁሉ በመልእክቶቹ ውስጥ ይገኛል። እነዚህ ወረቀቶች የቀድሞው ተጫዋችና የስፖርት ዕቃ ነጋዴ አልበርት ስፖልዲንግ እጅ ገቡ፤ እሱ ከሞተ በኋላ ባለቤቱ በ1921 ስብስቡን ለኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሰጠች።

ነገር ግን ከስብስቡ ብዙ ሰነዶች ተሰረቁ። በ1987 ቆጠራ ሲደረግ ጉድለቱ ታወቀ። በ2009 ደግሞ ለሃሪ ራይት የተጻፉ ደብዳቤዎች ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የወጡ ናቸው የሚል ጥርጣሬ ተነሣ፤ ኤፍ ቢ አይ ምርመራ ጀመረ፤ ደብዳቤዎቹም ከጨረታው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ገዢ ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ወረቀቱን በብርሃን ፊት ያነሣል። ማኅተም የተፋቀበት፣ ጠርዙ የተቆረጠበት ወይም ከጥራዝ የተገነጠለበት ምልክት ካለ ጥሎት ይሄዳል። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈም ይጠይቃል። «ከአያቴ ሣጥን ተገኘ» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃውም።