ናይትሮክስ ለመዝናናት ለሚጠልቅ ሰው ይጠቅማል?

በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ጀልባ ላይ አንድ ምርጫ ይቀርብለታል፦ ተራ አየር ወይስ ናይትሮክስ? የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ሲሆን የቀረው ከሞላ ጎደል ናይትሮጅን ነው። ናይትሮክስ ኦክስጅኑ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 32 ወይም 36 በመቶ ከፍ የተደረገ አየር ነው፤ ዋናው ቁም ነገር ግን የናይትሮጅኑ መቀነስ ነው። ውኃው ሲጫን ናይትሮጅን ወደ ደምና ወደ ሥጋ ይሰርጋል፤ ጠላቂው ቶሎ ከወጣ ደግሞ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያን የሚያሳምመው፣ ሲብስም ሽባ የሚያደርገው ሕመም የሚመጣው ከዚህ አረፋ ነው። ለየጥልቀቱ የቆይታ ገደብ የተቀመጠውም ለዚሁ ነው።

የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት የሆነው የፓዲ ሠንጠረዥ 18 ሜትር ላይ በአየር 56 ደቂቃ፣ በ32 በመቶ ናይትሮክስ 95 ደቂቃ ይፈቅዳል። ልዩነቱ ያጓጓል፤ ነገር ግን ሲሊንደሩ ያን ያህል አይቆይም። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር ተሞልቶ 50 ባር መጠባበቂያ ቢቀርለት፣ ለመተንፈስ የሚውለው 1,800 ሊትር ያህል ነው። በውኃ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 18 ሜትር ላይ በደቂቃ 56 ሊትር ይጨርሳል፤ በ32 ደቂቃ ውስጥ ወደ ላይ መመለስ አለበት። የአየሩን ገደብ እንኳ ሳይደርስበት! በቀን አንዴ ጥልቀት በሌለው ሪፍ ላይ ለሚዝናና ሰው የተጨመረው ጊዜ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ነገሩ የሚለወጠው ጥልቀቱ ሲጨምርና መጥለቁ ሲደጋገም ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ የሰመጠችው መርከብ ቲስልጎርም 30 ሜትር አካባቢ ትተኛለች። እዚያ አየር 20 ደቂቃ፣ 32 በመቶ ናይትሮክስ ደግሞ 30 ደቂቃ ይሰጣል፤ ከሁሉ በላይ ሰውየው በዚያው ቀን ዳግመኛ ሲወርድ ሰውነቱ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ያነሰ ይሆናል። ለሳምንት ያህል ጀልባ ላይ እያደሩ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ለሚጠልቁ ሰዎች ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ እኔም ለእነሱ ያለማመንታት እመክረዋለሁ። ናይትሮክስ እየተነፈሱ የቆይታ ገደቡን የሚያሰላውን የእጅ ኮምፒውተር በአየር ሒሳብ ላይ መተው ደግሞ ትርፉን ከጊዜ ወደ ደኅንነት ያዞረዋል።

«ድካም ይቀንሳል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ስሜታቸውን ሐሰት ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ጠላቂዎቹ የትኛውን ጋዝ እንደሚተነፍሱ ሳይነገራቸው በግፊት ክፍል ውስጥ በተደረገ ፍተሻ ልዩነት አልታየም። ለድካም ብሎ ገንዘብ መክፈል አሳማኝ አይደለም። ሌሎች ደግሞ «ከአረፋው የሚመጣው ሕመም ራሱ ከ10,000 መጥለቅ ጥቂቶቹ ላይ ብቻ የሚደርስ ከሆነ ምን አስጨነቀን?» ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ አንድ ቀን ለሚጠልቅ ሰው እኔም እቀበለዋለሁ። በተከታታይ ቀናት ለሚጠልቅ፣ ዕድሜውም ለገፋ ሰው ግን ትንሹም ቅናሽ ዋጋ አለው።

በምትኩ የሚመጣውን አደጋ ግን መሸፋፈን አይገባም። ኦክስጅን ራሱ በጥልቀት መርዝ ይሆናል፤ ውኃ ውስጥ ድንገት ያንቀጠቅጣል፣ መተንፈሻው ከአፍ ይወድቃል፣ ሰውም ይሰምጣል። የተለመደው ወሰን ለ32 በመቶ 34 ሜትር፣ ለ36 በመቶ 29 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቲስልጎርም ሥር ድረስ ለሚወርድ ሰው ኦክስጅኑ የበዛው ድብልቅ የማይሆን ምርጫ ነው። ሥልጠናው ጠላቂው ሲሊንደሩን ራሱ እንዲለካ የሚያስገድደውም ለዚህ ነው፦ ቫልቩን በትንሹ ከፍቶ የኦክስጅን መለኪያውን ይደቅናል፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቃል፣ ከዚያም መቶኛውንና የጥልቀት ወሰኑን በፕላስተር ላይ ጽፎ ይፈርማል። ይህን ለሌላ ሰው የሚተው ጠላቂ በተራ አየር ቢወርድ ይሻለዋል።