ፒኤስ 3 ላይ «ፊፋ 26» የሚባል ነገር የለም (እና ሰሞኑን የተጫወትኳቸው)

ሰሞኑን የተጫወትኳቸውን ጌሞች በአጭር በአጭሩ እነግራችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። እነግራችኋለሁም። ግን ዛሬ ጠዋት ጌም በምጠግንበት ሱቅ የገጠመኝን መጀመሪያ ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንዲት እናት ፒኤስ 3 በፌስታል ይዘው ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ 11 ቢሆነው ነው። «ወንድሜ፣ ይጮሃል፣ ደግሞ እየጠፋ አስቸገረን። አዲሱ ፊፋ 26 አለው ተብዬ ነው የገዛሁት» አሉኝ። ሰካሁት። ሜኑው ላይ «26» ይላል፣ ፎቶውም አምሮበታል። ጨዋታ ከፈትኩ። ስሙ ሃላንድ ነው፣ ፊቱ ግን የማንም አይደለም፤ ፀጉሩ ጥቁር! ከዚያ ኮሜንታተሩ አፉን ከፈተ። ማርቲን ታይለር። በቃ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ታይለር ከፊፋ 20 በኋላ በዚህ ጌም ውስጥ የለም።

ስንት ጊዜ ልጻፈው? ለፒኤስ 3 የወጣው የመጨረሻው ፊፋ፣ ፊፋ 19 ነው፤ በፈረንጅ 2018። እሱም ራሱ «ሌጋሲ ኤዲሽን» ተብሎ ማሊያና የተጫዋች ስም ከማደስ ያለፈ ነገር ያልተጨመረበት ነው። ፔስም ፒኤስ 3 ላይ በፔስ 2018 አበቃ። ከዚያ ወዲህ የምታዩት ሁሉ አንድ ጎበዝ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ማሊያና ስም የቀያየረበት ሞድ ነው። ሞድ የሚሠራውን አልነካም፣ እጁ ይባረክ። እኔ የምናደደው ያንን «አዲስ ነው» ብሎ ለማያውቅ ወላጅ በሚሸጠው ነው። ደግሞ «ፊፋ 26» የሚባል ጌም በዓለም ላይ የለም! ኢኤ እና ፊፋ ከተለያዩ በኋላ ከ2023 ጀምሮ ስሙ ኤፍሲ ነው። ኤፍሲ 26 የምትፈልጉ ፒኤስ 4 ላይም ወጥቷል፤ ፒኤስ 3 ላይ ግን ማንም አምላክ አያስገባውም። ጂቲኤ 6 ጭነናል የሚሏችሁም እንደዚሁ ናቸው። ሮክስታር ለፒኤስ 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ብሎ ያሳወቀውን ጌም በስልክ ኤፒኬ የሚልክላችሁ ሰው የሚጭንላችሁ ሌላ ነገር ነው።

ለልጁ ቀስ ብዬ «አላወቅክም እንዴ?» አልኩት። «በመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ» አለኝ። «ለምን አልነገርካቸውም?» ትከሻውን ነቀነቀ። እናቱ ስልክ እያወሩ ነበር።

እሺ፣ ወደ ጌሞቹ።

1. አስትሮ ቦት (ፒኤስ 5፣ 2024)። የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ ሲሸለም «የልጆች ነው» ያላችሁ ሁሉ ይቅርታ ጠይቁ። የጌሙ ዋና ተዋናይ ጆይስቲኩ ነው። ብረት ላይ ስትሄድ፣ አሸዋ ላይ ስትሄድ፣ ዝናብ ሲመታህ፣ እጅህ ላይ የሚሰማህ ንዝረት የተለያየ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ሞከርኩት፣ የረገጥኩትን ለየሁ። ጆይስቲክ ፈታትቶ ለሚኖር ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ጆይስቲክ ካልን አይቀር፦ ሳትነኩት ተጫዋቹ ብቻውን ወደ ጎን ሲሄድ «አፕዴት አድርገው» የሚላችሁን አትስሙ። አናሎጉ ሥር ያለው ካርቦን ተፍቆ አልቆ ነው፤ ዕቃው ይቀየራል። ስፕሬይ ብትነፉበት ሳምንት ቢያቆየው ነው።

2. ኤልደን ሪንግ (2022)። አሁን ገና? አዎ፣ አሁን ገና። ገና ከመውጣትህ በወርቅ ፈረስ ላይ ያለ ባለጦር ይጠብቅሃል። 14 ጊዜ ገደለኝ። በ15ኛው ዞሬ ማለፍ እንደምችል ገባኝ። ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም ተዋጋ አላለኝም፣ እልኬ ነው ያስቆመኝ። ሌላው የወደድኩለት በየቅጽበቱ ራሱ ሴቭ ማድረጉ ነው። መብራት ሦስት ጊዜ ሄደብኝ፣ ከሞላ ጎደል ከቆምኩበት ነው የቀጠልኩት።

ማሽኑ ግን እንደ ጌሙ አይደለም! መብራት ድንገት ሲጠፋ ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ከሆነ ሊጎዳ ይችላል። «ስታቢላይዘር አለኝ» ትሉኛላችሁ። ስታቢላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ ባትሪ የለውም። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ! ዩፒኤስ!

3. ሬድ ዴድ 2፣ እንደገና። ሁለት ሲዲ፣ 100 ጊጋ የሚጠጋ ቦታ። የመጀመሪያው የበረዶ ምዕራፍ ቀርፋፋ ነው፣ ታገሱት። እኔ ታሪኩን ትቼ ፈረሴን ስቦርሽ አመሻለሁ።

ስትሬይ። ድመት ነህ። ማሽኖች ብቻ በቀሩበት ከተማ ውስጥ የምትንከራተት ድመት። ክቡን ስትጫን ሚያው ይላል። የእህቴ ልጅ ታሪኩን ትታ ግማሽ ሰዓት ሚያው ስታሰኘው ዋለች፣ እኔም አልከለከልኳትም። ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል።

(ይሄ 4 መሆን ነበረበት፣ ተዉት።)

ኤክስፔዲሽን 33ን ገና ግማሽ ላይ ነኝ። ፈረንሳዮች ናቸው የሠሩት፣ ትልቅ ኩባንያም አይደሉም። በየዓመቱ አንዲት ሴት ግዙፍ ድንጋይ ላይ ቁጥር ትጽፋለች፣ ቁጥሩ በአንድ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ዕድሜው እዚያ ቁጥር ላይ የደረሰ ሰው በንኖ ይጠፋል። እኔ 41 ነኝ። በጌሙ ሕግ ድሮ ተንኛለሁ።

ሄልዳይቨርስ 2ን ስለምትጠይቁኝ፦ በ2024 ሜይ ላይ ፒሲ ተጫዋቾችም የፕሌይስቴሽን አካውንት ማገናኘት አለባቸው ተብሎ፣ በተጫዋቾች ጩኸት በቀናት ውስጥ የተሰረዘውን ታስታውሳላችሁ? ያኔ ብዙ አገር የፕሌይስቴሽን አካውንት በሚከፈትባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን ዓለም ገና አወቀ። እኛ ስንጀምርም አውቀነዋል፤ ኢትዮጵያ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ለዚህ ነው ግማሾቻችሁ «አሜሪካ»፣ ግማሾቻችሁ «ዱባይ» የምትኖሩት። የዚህ አገር ጥገና ባለሙያ ሥራው ግማሹ ሰው የረሳውን የውሸት አድራሻ ማስታወስ ሆኗል።

የእኛዎቹም ቢሮዎች አይሻሉም። ፈቃድ ላሳድስ ስሄድ አንድ ቢሮ «ጌም ጥገና» የሚል ዘርፍ የለንም ብለው «ሬዲዮና ቴሌቪዥን» ላይ ጻፉኝ። አንዱ የሬዲዮ ፕሮግራም ደግሞ ባለፈው ጌም ዓይን ያጠፋል እያለ ሰዓት ሙሉ ሲያወራ፣ ሳጥኑ ላይ ስለተጻፈው የዕድሜ ቁጥር አንድ ቃል አልተናገረም። ጂቲኤ 5 ላይ 18 ተብሎ በትልቁ ተጽፏል እኮ! ለስምንት ዓመት ልጅ «የመኪናዋን ጌም» ብለው የሚገዙ አባት በየሳምንቱ አያለሁ።

ወደ ፒኤስ 3ቷ ልመለስ። ፈታኋት። ፋኑ ላይ የተጋገረው አቧራ በጣት ሲነሳ እንደ ጨርቅ ተላቀቀ፣ የሙቀት ፔስቱ ደርቆ ኖራ ሆኗል። አጽድቼ ፔስቱን ቀየርኩ። ሙቀቱን ልፈትሽ ብዬ የራሴን ጆርኒ ከመደርደሪያ አውጥቼ ከተትኩ። የ2012 ጌም ነው፣ ለዚችው ማሽን የተሠራ። ቀይ ካባ ለብሰህ በአሸዋ ላይ ወደ ሩቅ ተራራ ትሄዳለህ፣ ንግግር የለም፣ ጽሑፍ የለም። በሁለት ሰዓት ያልቃል። ለፍተሻ 20 ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፣ ደንበኛ በር ላይ አቁሜ ተራራው ጫፍ ድረስ ሄድኩ። ፋኑ አንዴም አልጮኸም።

ለእናትየው ደውዬ ነገ ከ8 ሰዓት በኋላ ይውሰዱ ብያቸዋለሁ። ፊፋ 19ን ስሙን መልሼለታለሁ፤ ጆርኒንም ለልጁ ውስጡ ትቼለታለሁ፣ ጨርሶ ይመልስልኝ።