የቀለሃን አንገት የሚያርም መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?

ካርቱም በ1885 (እ.ኤ.አ.) መባቻ በደርቡሾች፣ በማህዲ ተከታዮች፣ እጅ ስትወድቅ፣ ጄኔራል ጎርደን በከበባው ወራት ጥይት ያሠራበት የነበረው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አብሮ ተማረከ። የማህዲ መንግሥት ጥይት ከውጭ የሚያስገባበት በር ጠባብ ስለነበር የተተኮሰ ቀለሃ እየተለቀመ በአገር ባሩድና እርሳስ እንደገና ይሞላ ነበር። ጠመንጃው በአብዛኛው ሬሚንግተን ነው፤ አፄ ዮሐንስ በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ የግብጽን ጦር ድል ሲመቱ የማረኩትም ይኸንኑ ዓይነት ነበር። ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ይቃጠላል፣ አረሩ ይሄዳል፣ ካፕሱሉ ይፈነዳል፤ ተኳሹ እጅ የሚቀረው ቀለሃው ብቻ ነው። ስለዚህ ጥይት ዳግም መሙላት በተነሣበት ቦታ ሁሉ ዋናው ጥያቄ ቀለሃው፣ በተለይም አረሩን ጨብጦ የሚይዘው አንገቱ፣ ልኩን ጠብቋል ወይ የሚል ነው።

ቀለሃ የሚሠራበት ነሐስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ሲተኮስ ግድግዳው አብጦ ከጠመንጃው የጥይት ክፍል ጋር ይጣበቅና ጋዙን ወደ ኋላ እንዳያመልጥ ያግደዋል፤ ወዲያው ደግሞ ጥቂት ሰብሰብ ብሎ ለመውጣት ይላላል። ዳግም ሲሞላ በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። የተጨመቀው ነሐስ የሚሄድበት ይፈልጋልና ወደ አንገቱ ይገፋል፤ ቀለሃው በየዙሩ ይረዝማል። 7.62 በ51 በሚባለው ጥይት የቀለሃው የመጨረሻ ርዝመት 51.18 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚቆረጠው ወደ 50.93 ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከልኩ ያለፈ አንገት ጫፉ ከክፍሉ መጨረሻ ጋር ይጋጭና አረሩን ጨምድዶ ይይዘዋል። አረሩ መላቀቅ ሲያቅተው ግፊቱ ጠመንጃ እስከ መስበር፣ ተኳሽን እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል። ይህ የርዝመት ችግር ነው። ሌላው የውፍረት ነው፤ ከትከሻው፣ ገላው ወደ አንገቱ ከሚጠብበት ቦታ፣ የመጣ ወፍራም ነሐስ በአንገቱ ሥር በውስጥ በኩል እንደ ቀለበት ይጠራቀማል። ለመጀመሪያው መቁረጫ፣ ለሁለተኛው መሞረጃ ያስፈልጋል። ሁለቱን እንደ አንድ ሥራ ቆጥሮ አንድ ዕቃ መግዛት የብዙዎች የመጀመሪያ ስሕተት ነው።

ገዢ መጀመሪያ የሚያየው የስለቱን ጥራት ነው። እኔ ግን መታየት ያለበት መሣሪያው ልኩን ከየት እንደሚያነሣ ነው እላለሁ፤ እጅግ የተሳለ ስለት የተሳሳተ ቦታ ተደግፎ ከሠራ ስሕተቱን በጥራት ከመድገም በቀር የሚፈይደው የለም። ሊ የተባለው ኩባንያ ርካሽ መቁረጫ በቀለሃው መቀመጫ መሃል ባለችው ቀዳዳ የሚያልፍ ዘንግ አለው፤ ዘንጉ ሥር ሲደርስ መቁረጡ ያቆማል። ልኩ የሚነሣው ከመቀመጫው ስለሆነ በእጅም ቢሠራ ውጤቱ ወጥ ነው። ጉድለቱ ርዝመቱ ለአንድ ዓይነት ጥይት ብቻ የተወሰነ መሆኑ ነው። ከዚያም በላይ፣ ብዙው የምሥራቅ አገሮች የጦር ጥይት ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ጎንና ጎን እንጂ መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ የለውም፤ ዘንጉ አያልፍም። የፎርስተር መቁረጫ እንደ ትንሽ ቶርኖ ሆኖ ቀለሃውን ከኋላ ጠርዙ ይይዛል፤ ለሁሉም መጠን ይሆናል፣ ነገር ግን የጠርዙ ውፍረት ከቀለሃ ቀለሃ ከተለያየ ርዝመቱም ይለያያል። የዊልሰን ደግሞ ገላውን ሾጠጥ ባለ መያዣ አቅፎ መቀመጫውን ከማቆሚያ ብሎን ጋር ያገናኛል። በእኔ ሚዛን ቀስ ብሎ በትክክል ለሚሠራ ሰው ይኸኛው ይሻላል።

በሞተር የሚሠሩትና ከትከሻው የሚነሡት መቁረጫዎች ፈጣን ናቸው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት ነው። ፍጥነቱ ግን ትከሻው አስቀድሞ በአንድ ልክ ከተጨመቀ ብቻ የሚታመን ነው፤ ከተለያዩ ጠመንጃዎች የተለቀመ ቀለሃ ሲሆን መጀመሪያ ሁሉም በቅርጽ ማውጫው ማለፍ አለበት። ሞረድ ይበቃል የሚሉም አሉ። ሞረድ ከጠነከረ ብረት በተሠራ ልክ ማውጫ ላይ ተደግፎ ሲሠራ በእርግጥ ይበቃል፤ በሞርሳ ታስሮ በዓይን ግምት ሲሠራ ግን አንገቱን ያዘነብላል፣ አፉም እኩል አይሆንም።

የውስጥ መሞረጃው፣ ሪመር የሚሉት፣ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያለ መሪ ከገባ ቀድሞ ያለውን ቀዳዳ ተከትሎ ይሄዳል፤ ቀዳዳው ካዘነበለ አዘንብሎ ይሞርዳል፣ በአንድ ወገን የሳሳውን ግድግዳ የበለጠ ያሳሳዋል። ከውጭ የሚልጠው መሣሪያ ግን በቀዳዳው በገባ ዘንግ ዙሪያ ስለሚዞር ግድግዳውን ዙሪያውን እኩል ያደርጋል። «ሪመሩን በዊልሰን መያዣ ውስጥ ብናስገባው ከገላው ጋር ቀጥ ብሎ ይሄዳል» ለሚለው መልሱ፣ ይሄዳል፤ ግን አንገቱ ከውጭ ጠማማ ከሆነ ግድግዳው አሁንም እኩል አይወጣም። ስለዚህ ሪመር ቦታው ሁለት ነው፤ በሥር ያለውን ቀለበት ማንሣትና ከሌላ ቀለሃ ተለውጦ በተሠራ አንገት ላይ የተከማቸውን ውፍረት መቀነስ። የፎርስተር ሪመር ደግሞ ከአረሩ ጥቂት የሰፋ ስለሆነ የሚገባው ተተኩሶ ገና ባልተጨመቀ ቀለሃ ነው፤ ከተጨመቀ በኋላ ከገባ ከሚገባው በላይ ይወስዳል።

የመሣሪያዎቹ የሥራ ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው አሮጌ ጠመንጃ ላይ ነው። እንግሊዞች በ1868 መቅደላ ይዘውት የመጡት፣ በእኛም አገር ሰናድር ተብሎ ስም ያወጣው ስናይደር፣ ጥይቱ በገበያ እንደ ልብ አይገኝም። ሕጉ በሚፈቅድባቸው አገሮች ያሉ ሰብሳቢዎች የ24 ቁጥር የነሐስ አደን ጥይት ቀለሃ ወስደው ወደ 51 ሚሊ ሜትር ያሳጥሩታል። የ63.5 ሚሊ ሜትሩን ቀለሃ ከአሥር ሚሊ ሜትር በላይ መቁረጥ የተለመደው መቁረጫ ሥራ አይደለም፤ መጀመሪያ በደቃቅ መጋዝ ወይም በቱቦ መቁረጫ ወደ ልኩ ተጠግቶ፣ የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ በመቁረጫው ይጨረሳል፣ የአፉም ሻካራ ጠርዝ ከውስጥና ከውጭ ይነሣል። ኢትዮጵያ ውስጥ የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ነው፤ ይህ ሥራ ያለ ፈቃድ የሚነካ አይደለም። ፈቃድ ላለው ግን መጀመሪያ የሚገዛው ስለት ሳይሆን ካሊፐርና የግድግዳ ውፍረት መለኪያ ይሁን፤ አንገቱን አራት ቦታ ለክቶ ውፍረቱ እኩል ካልሆነ ሪመሩን ትቶ ከውጭ የሚልጠውን ይግዛ።