ከተራዊሕ በኋላ ልጆቻችን የት ይሂዱ?

ከተራዊሕ ሶላት እስከ ሱሑር ያሉት ሰዓቶች ለወጣት ረጅም ናቸው። አባቶች ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ እናቶች ለሱሑር ለመነሣት ጋደም ይላሉ። ወጣቱ ግን እንቅልፍ የለውም። ቀኑን ጾሞ ሲያፈጥር ጉልበቱ ይመለሳል፤ ጓደኛ ይናፍቀዋል፤ ጨዋታ ያምረዋል። በዚህ ሰዓት የመስጊዱ በር ከተቆለፈ፣ ክፍት ሆኖ የሚጠብቀው የትኛው በር ነው? መልሱን የማያውቅ ወላጅ ያለ አይመስለንም። የጫት ቤቱ መብራት በርቷል፤ የሺሻ ቤቱ መጋረጃ ወርዷል፤ የቁማሩም ቦታ ሩቅ አይደለም።

በመስጊድ የምናገለግል ሰዎች ረመዷን በገባ ቁጥር ከወላጆች የምንሰማው ስሞታ ተመሳሳይ ነው፦ ልጁ ለተራዊሕ ብሎ ይወጣል፤ የሚመለሰው ግን ለሱሑር ነው። የአገራችን ሕግ የበኩሉን ብሏል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆና አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ሕግ መጥፎውን በር ሊዘጋ ይችላል፤ መልካሙን በር መክፈት ግን የሰፈር ሰው ሥራ ነው። «እዚያ አትሂድ» ያልነው ልጅ «ታዲያ የት ልሂድ?» ብሎ ቢጠይቀን የምናሳየው ቦታ ሊኖረን ይገባል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የመዲናው መስጊድ ከሶላት ቦታነቱም በላይ የሰው መጠጊያ ነበር። በመስጊዱ ሱፋ በሚባለው ጥላ ሥር ቤትና ዘመድ የሌላቸው ሰሓቦች ያድሩ፣ ይበሉ፣ ይማሩ ነበር፤ አቡ ሁረይራ ከእነርሱ አንዱ ናቸው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጊዱ ውስጥ በጦር ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያን ጊዜ ወጣት የነበሩትን እናታችንን ዓኢሻን ከኋላቸው አቁመው እስኪበቃቸው ድረስ ጨዋታውን አሳይተዋቸዋል። ዑመር ተጫዋቾቹን ሊከለክሉ ሲነሡም ነቢዩ እንዲተዋቸው ነግረዋቸዋል። ወጣት በመስጊድ ግቢ ሲሥቅና ሲጫወት የሚከፋን ሰዎች ይህን ሐዲስ ብናስታውስ መልካም ነው፤ ተጫዋቾቹም የእኛው አገር ሰዎች ነበሩ።

ማሊክ ኢብኑል ሑወይሪስ ያወሩት ታሪክም አለ። እርሳቸውና እኩዮቻቸው የሆኑ ወጣቶች ነቢዩ ዘንድ መጥተው 20 ሌሊት ቆዩ። ነቢዩም ቤተሰብ እንደናፈቃቸው ተረድተው እቤት ማንን ትተው እንደመጡ ጠየቋቸው፤ ከዚያም ወደ ቤተሰባቸው ተመልሰው የተማሩትን እንዲያስተምሩ አዘዟቸው። ጥሩ የወጣቶች መሰብሰቢያ እንዲህ ነው። የልጁን ልብ ያውቃል፤ በመጨረሻም ልጁን ከቤተሰቡ ጋር ያገናኘዋል።

በአገራችንም ወሎን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ከሩቅ የመጣ ደረሳ በሸኹ ዘንድ ሲቀራ የአካባቢው ሰው ያበላዋል፤ የማንም ልጅ ቢሆን የሁሉም ልጅ ይሆናል። ከተማ ውስጥ የጠፋብን ይህ «የሁሉም ልጅ» መሆን ነው።

ታዲያ አንድን ቦታ ለወጣት አስተማማኝ የሚያደርገው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ብርሃን፣ ውሃና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ነው። ቀጥሎ የልጆቹን ስም የሚያውቁ፣ ወላጆችም የሚያውቋቸው ትልልቅ ሰዎች በተራ መገኘታቸው ነው። እነዚህ ሰዎች በአንድ ሌሊት ከሁለት ማነስ የለባቸውም፤ ማንም ትልቅ ሰው፣ ኢማምም ሆነ ኡስታዝ፣ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይቀመጥ። ይህን የምንለው ሰውን ጠርጥረን ሳይሆን ልጅ አማና ስለሆነ ነው። ልጅ «እገሌ እንዲህ አደረገኝ» ካለ ደግሞ አስቀድመን እንስማው። የመስጊድ ክብር የሚጠበቀው በደልን በመሸፈን አይደለም፤ ጉዳዩ ለወላጅና ለሕግ መድረስ አለበት።

ሴት ልጆቻችንም አይረሱ። ለወንዱ ግቢውን ከፍተን ለሴቷ «ቤትሽ ግቢ» ካልን ግማሹን ሥራ ትተነዋል። የራሳቸው ክፍል ወይም የራሳቸው ሰዓት፣ የሚያስተናግዷቸው እናቶችና እህቶች፣ ሲመሸም በቡድን የሚያደርሳቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ሌሊቱን ሙሉ ስብከት ማድረግም አይገባም። ጥቂት ቁርኣን፣ ጥያቄና መልስ፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁትን የሚያስጠና ተማሪ፣ ሻይና ተምር፣ ቦታ ካለም ኳስ ይበቃል። ድምፅ ማጉያው ይዘጋ፤ ሙስሊም ያልሆነው ጎረቤታችንም ሰላም አግኝቶ ይደር፤ ልጁም ከጓደኞቹ ጋር መምጣት ከፈለገ እንኳን ደህና መጣህ እንበለው።

ጫት ቅሞ የመጣውን ልጅስ? እርሱን ከበር መመለስ ወደነበረበት መሸኘት ነው። አንድ የገጠር ዐረብ በመስጊድ ውስጥ ሽንቱን ሲሸና ሰዎች ሊነሡበት ነበር። ነቢዩ ግን እንዳያቋርጡት አዘዙ፤ በቦታው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲፈስበት አደረጉ፤ ሰውየውንም በለዘብታ መከሩት። የልጆቻችን ጥፋት ከዚያ ይብሳል?

ወጪው ብዙ አይደለም። የመድረሳው ክፍል በሌሊት ባዶ ነው። ነጋዴው ሻዩን ይቻል፤ ነርሷ አንድ ሌሊት ስለ ጤና ትንገራቸው፤ አናጢው አንድ ሌሊት ሙያውን ያሳያቸው። የመስጊድ ኮሚቴዎች በዚህ ሳምንት ተቀምጠው ቁልፉን የሚይዙትን ሰዎች ቢመርጡ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

የሚያሳስበን ከዒድ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ረመዷን ሲወጣ ግቢው ይባዳል፤ የጫት ቤቱ በር ግን ዓመቱን ሙሉ አይዘጋም። ስለዚህ ከዒድ በኋላም ቢያንስ በሳምንት አንድ ምሽት በሩ ክፍት ይሁን። ትንሽም ብትሆን የምትዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ የተወደደች መሆኗን ከነቢያችን ተምረናል።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ በሮቻችንንም ለመልካም ነገር የሚከፈቱ ያድርግልን። አሚን። ረመዷን ሙባረክ!